ለወታደር ቤተሰብ ስትለግሱ፦ ከድርጅቱ በፊት ችግሩን ምረጡ

አሜሪካ የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ኖቬምበር 11፣ ቬተራንስ ዴይ (የቀድሞ ወታደሮች ቀን) ሲቃረብ የፖስታ ሳጥኑ ይሞላል። ባንዲራ የታተመበት ፖስታ፣ ስማችሁ የተጻፈበት የአድራሻ ተለጣፊ፣ አንዳንዴም ሳንቲም የተለጠፈበት ደብዳቤ ይመጣል። ስልክም ይደወላል። «ለወታደሮቻችን ቤተሰቦች የአቅምዎን ቢያደርጉ» ይላል ድምፁ። ሁሉም አንጀት ይበላል። የድርጅቶቹ ስምም እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ሰው ግራ ይጋባና ወይ ለመጀመሪያው ደዋይ ይሰጣል፣ ወይ ጭራሹን ይተወዋል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዳላስ፣ ሲያትል፣ የትም ብትሄዱ ልጁ ምድር ጦር ወይም ባሕር ኃይል የገባበት ሐበሻ ቤት አታጡም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። መስጠት ፈልጎ የት እንደሚሰጥ ለጠፋው፣ እና ራሱ የወታደር ቤተሰብ ሆኖ እነዚህ ድርጅቶች መኖራቸውን ላልሰማው።

ምክሬ ቀላል ነው። ድርጅት ከመምረጣችሁ በፊት ችግሩን ምረጡ። ደሞዝ ሳይወጣ መኪና የተበላሸበት ቤት አለ። ልጇ ሆስፒታል የተኛባት እናት አለች። ባሏን የቀበረች ሴት አለች። ሦስቱንም እኩል የሚደርስላቸው ድርጅት እኔ አላየሁም።

መንግሥት ይከፍል የለም እንዴ?

ይከፍላል። ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለ ሲሞት ለቤተሰቡ 100,000 ዶላር ይሰጣል። ኤስጂኤልአይ የሚባለው የሕይወት ኢንሹራንስ ደግሞ ከማርች 2023 ጀምሮ እስከ 500,000 ዶላር ይደርሳል። ሕክምና አለ፣ የቤት አበል አለ። ይህን ሰምቶ «ታዲያ የእኔ ሃምሳ ዶላር ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው።

መልሱ ያለው የዕለት ኑሮው ላይ ነው። ፔንታጎን ራሱ ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2020 በመደበኛ አገልግሎት ላይ ካሉት ወታደሮች 24 በመቶ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ በቂ ምግብ የማግኘት ችግር ገጥሟቸው ነበር። ከአራት አንድ ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው። ቤተሰቡ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ወደ ሌላ ቤዝ ይዛወራል። ሚስት ወይም ባል ሥራ ለቅቆ ይከተላል። አዲስ ቦታ ሥራ እስኪገኝ ወራት ያልፋሉ። በዚህ መሀል የአዲሱ ቤት ቅድሚያ ክፍያ አለ፣ የልጅ መዋያ አለ። በዝቅተኛ ማዕረግ ደሞዝ ይህ ከባድ ነው።

መንግሥት ራሱ የሚቆምበት ጊዜም አለ። ኦክቶበር 2013 የፌዴራል መንግሥቱ በበጀት ጭቅጭቅ ሲዘጋ፣ አሁን የጠቀስኩት የ100,000 ዶላር ክፍያ ታገደ። ልክ በዚያው ሰሞን አፍጋኒስታን ላይ ወታደሮች ሞተው ነበር። አስከሬን ተቀብለው ክፍያው የታገደባቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ፊሸር ሀውስ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘቡን እኔ ልሸፍን አለ። ፔንታጎንም በኋላ ሊተካለት ተስማማ። ኮንግረስ በማግስቱ ሕግ አውጥቶ ክፍያውን መለሰ። ግን ያንን ክፍተት ለመዝጋት ቀድሞ የቆመው ከሰው የተዋጣ ገንዘብ ነበር።

ለወር መጨረሻ ችግር፦ የጦር ክፍሎቹ መረዳጃ ማኅበሮች

ደብዳቤ እየላኩ ብዙም አያስቸግሩም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። የባሕር ኃይልና ማሪን መረዳጃ ማኅበር በ1904 ነው የተመሠረተው። የኮስት ጋርድ (የባሕር ዳርቻ ጠባቂው ጦር) ማኅበር በ1924። የምድር ጦሩ፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤኢአር የሚባለው፣ እና የአየር ኃይሉ ሁለቱም በ1942 ተቋቋሙ። ሁሉም የግል በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። የጦሩ አባላት በየዓመቱ ያዋጣሉ፣ ከውጭም ማንም ሰው መስጠት ይችላል።

ሥራቸው ከወለድ ነጻ ብድር ነው። ሁኔታው ሲከፋ ደግሞ የማይመለስ ድጋፍ ይሰጣሉ። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ጥገና፣ ለቀብር መሄጃ የአውሮፕላን ቲኬት። ወታደሩ ይህን ባያገኝ በከፍተኛ ወለድ ወደሚያበድሩ አበዳሪዎች ሊሄድ ይችላል።

የእነዚህ ማኅበሮች ጥቅም ፍንትው ብሎ የታየው በ2019 ነው። ከዲሴምበር 22፣ 2018 እስከ ጃንዋሪ 25፣ 2019 መንግሥት ለ35 ቀናት ተዘጋ። የመከላከያው በጀት ቀድሞ ስለጸደቀ ሌሎቹ ወታደሮች ደሞዛቸው አልተነካም። ኮስት ጋርድ ግን የሚተዳደረው በሀገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር ስር ነው። ስለዚህ 42,000 ያህል የኮስት ጋርድ ባልደረቦች ጃንዋሪ 15 ላይ ደሞዝ ሳያገኙ ቀሩ። ሥራ ግን አላቆሙም። በክረምት ባሕር ላይ ሰው ከመስጠም እያዳኑ፣ ቤታቸው ግን ኪራይ ይጠብቃቸው ነበር። ዩኤስኤኤ የተባለው የወታደሮች ኢንሹራንስ ድርጅት 15 ሚሊዮን ዶላር ለኮስት ጋርድ ማኅበር ለገሰ። ማኅበሩም ከወለድ ነጻ በሆነ ብድር መልክ አከፋፈለው። ይህን በጥቂት ቀናት ውስጥ ማድረግ የቻለው መዋቅሩ ከ95 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ስለነበረ ነው። ችግር ከመጣ በኋላ የሚቋቋም ድርጅት እንዲህ ፈጥኖ አይደርስም።

ከእነዚህ ጋር የሚወዳደረው ኦፕሬሽን ሆምፍሮንት ነው። በ2002 ተመሥርቶ ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ የተቀመጠ ነው። ልዩነቱ ብድር አለመስጠቱ ነው። ሂሳቡን በቀጥታ ለአከራዩ፣ ለመብራት ኃይሉ ወይም ለጋራዡ ይከፍላል፤ በአብዛኛውም የሚረዳው ዝቅተኛ ማዕረግ ላይ ያሉትን ነው።

የቱ ይሻላል? የመረዳጃ ማኅበሩ ብድር ሲመለስ ያው ገንዘብ ለሌላ ቤተሰብ ይዞራል። እቁብና እድር ለለመደ ሰው ይህ ደስ ይላል። በሌላ በኩል ዕዳ ውስጥ ለተዘፈቀ ቤተሰብ ተጨማሪ ብድር፣ ወለድ ባይኖረውም፣ ያው ዕዳ ነው። እኔ ዘላቂነቱን አይቼ ወደ መረዳጃ ማኅበሮቹ አዘነብላለሁ። ጦር ውስጥ ዘመድ ወይም ልጅ ያለው ሰው ደግሞ የእሱን ጦር ክፍል ማኅበር ቢመርጥ ተገቢ ነው።

ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ፦ ፊሸር ሀውስ

ዛካሪ ፊሸር የኒውዮርክ ሕንጻ ገንቢ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊዘምት ፈልጎ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ሳይቀበሉት ቀሩ። በ1990 ከባለቤቱ ከኤልዛቤት ጋር ለታካሚ ወታደሮች ቤተሰብ ማረፊያ መሥራት ጀመሩ። ሐሳቡን ያመጣችው የባሕር ኃይሉ አዛዥ የነበሩት የአድሚራል ትሮስት ባለቤት ናት። ቤተሰቦች ሆቴል መክፈል አቅቷቸው ሲንገላቱ አይታ ነበር። የመጀመሪያው ቤት የተሠራው ቤተዝዳ፣ ሜሪላንድ ነው። ዛሬ ዋልተር ሪድ የሚባለው ትልቁ ወታደራዊ ሆስፒታል ያለበት ግቢ ማለት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ብዙም አይርቅም።

አሁን ከ90 በላይ ቤቶች አሏቸው። ጀርመን ላንድሽቱል፣ እንግሊዝ በርሚንግሃም ድረስ ሄደዋል። ቤተሰብ የሚያርፈው በነጻ ነው። ቤቶቹ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ወይም አጠገቡ ናቸው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ መኝታ ክፍል አለው። ወጥ ቤቱ፣ የመመገቢያው አዳራሽና የልብስ ማጠቢያው ግን የጋራ ነው። በጋራ የተደረገው እንዲሁ ቦታ ለመቆጠብ አይደለም። ማታ ደክሟት ከሆስፒታል የመጣች እናት የራሷን ምግብ ሠርታ ትበላለች። ምድጃው አጠገብ ደግሞ ልጇ ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት ሌላ እናት ትቆማለች። አንዷ ከልጇ ቀዶ ጥገና ወዲህ ሦስተኛ ሳምንቷ፣ ሌላዋ ስድስተኛ ወሯ ሊሆን ይችላል። ዶክተር የማይነግራችሁን ነገር እዚያ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ትሰማላችሁ።

ፊሸር ሀውስን የምወድበት ሌላው ምክንያት ገንዘብ ባይኖራችሁም መስጠት የምትችሉበት መንገድ ስላለ ነው። ሂሮ ማይልስ በሚባለው ፕሮግራም የአየር መንገድ ማይል መለገስ ይቻላል። የተጠራቀመው ማይል የቆሰለ ወታደር ቤተሰብ ወደ ሆስፒታል የሚመጣበት ቲኬት ይሆናል። ለሆቴል ነጥብም ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። እኛ አዲስ አበባ በተመላለስን ቁጥር ማይል እናጠራቅማለን፤ ብዙዎቻችን ሳንጠቀምበት እንረሳዋለን። የእናንተ አየር መንገድ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ከቦዘነ ማይል የተሻለ ስጦታ የለም። ማኅበር ያላቸው ሴቶች ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁ። ብዙዎቹ ቤቶች በጎ ፈቃደኞች ምግብ ይዘው እንዲመጡ ይቀበላሉ። ቀድሞ ከቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጋር መነጋገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከቀብር በኋላ፦ ታፕስ

ኖቬምበር 1992 አላስካ ውስጥ የምድር ጦር አውሮፕላን ተከስክሶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ብርጋዴር ጄኔራል ቶም ካሮል ነበሩ። ባለቤታቸው ቦኒ ካሮል ሐዘኗን የሚጋራት ፈልጋ ለወታደር ሟች ቤተሰቦች የሚሆን ድርጅት አጣች። በ1994 ታፕስን ራሷ መሠረተች። መቀመጫው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው። በ2015 የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳሊያ ተሸልማለች።

ታፕስ በዋናነት የሚሰጠው ገንዘብ አይደለም። ሌት ተቀን የሚሠራ የስልክ መስመር አለው። ተመሳሳይ ሐዘን ያለፈበትን ሰው ከአዲስ ሐዘንተኛ ጋር ያገናኛል። በየዓመቱ በሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ዋሽንግተን አካባቢ ቤተሰቦችን ይሰበስባል። ለልጆቹ የተለየ ካምፕ አለ። እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ይጣመራል። አዋቂው ብዙ ጊዜ ራሱ ወታደር ነው። አባቷን ያጣች የስምንት ዓመት ልጅ የአባቷን ዓይነት ዩኒፎርም ከለበሰ ሰው ጋር ስትጫወት ትውላለች።

እኛ ይህን ከማንም በላይ የምንረዳው ይመስለኛል። ሐዘን ሲደርስ ድንኳን እንተክላለን፣ እናስተዛዝናለን፣ እናድራለን። አርባው ካለፈ በኋላ ግን ቤቱ ጭር ይላል። ታፕስ የሚገባው ያኔ ነው፤ ለዓመታትም አይወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሩበት። ብዙው የመንግሥት ጥቅም ለሚስት ወይም ለባልና ለልጆች ነው የሚሄደው። ታፕስ ግን እናትና አባትን፣ እህትና ወንድምን፣ እጮኛንም ያስተናግዳል። አሟሟቱንም አይለይም። ጦር ሜዳ ይሁን፣ የመኪና አደጋ፣ ሕመም ወይም ራስን ማጥፋት፣ በሩ ክፍት ነው። ልጇ ራሱን አጥፍቶ ሰው ፊት መውጣት ለከበዳት ሐበሻ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ድርጅት ብቻ ምረጥ ብባል እኔ ታፕስን እመርጣለሁ። ወላጅን ከማይረሱት ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ።

ስለ ልጆች ትምህርት ባጭሩ

ፎልድስ ኦፍ ኦነር በ2007 ተቋቁሞ የሞቱና የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ወታደሮችን ልጆችና የትዳር ጓደኞች ያስተምራል። ስፔሻል ኦፕሬሽንስ ዋሪየር ፋውንዴሽን የተወለደው በ1980 ኢራን ውስጥ ታጋቾችን ለማስለቀቅ ተሞክሮ በከሸፈው ዘመቻ ነው። ስምንት ወታደሮች ሞተው 17 ልጆች ያለ አባት ቀሩ። ጓዶቻቸው እነዚያን ልጆች ለማስተማር አዋጡ። ሁለቱም መልካም ናቸው። ግን በግዳጅ ላይ ለሞተ ወታደር ልጅ መንግሥት ፍራይ ስኮላርሺፕ በሚባለው በኩል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንደሚሸፍን እወቁ። ስለዚህ እዚህ ላይ የግል መዋጮው የሚጠቅመው በይበልጥ የግል ትምህርት ቤት ለሚማሩና ወላጃቸው በሕይወት ኖሮ አካሉ ለተጎዳ ልጆች ነው።

በኢንተርኔት ለግለሰብ ገንዘብ የሚዋጣበት ጎፈንድሚስ?

ቤተሰቡን የምታውቁት ከሆነ አዎ። ገንዘቡ ቶሎ ይደርሳል፣ ለማን እንደሰጣችሁም ታውቃላችሁ። የማታውቁት ከሆነ ግን ቆም በሉ። ገጹን የከፈተው ማን ነው? ገንዘቡን የሚያወጣውስ? ቤተሰቡ ራሱ አረጋግጧል? ለግለሰብ የተሰጠ ገንዘብ ከታክስ አይቀነስም። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጎፈንድሚ ወዳጅ ለበዛለት፣ ፎቶው ለተሰራጨለት ቤተሰብ ያዘንባል። በቅርብ የመጣች፣ ቋንቋ ያልፈታች፣ ሰው የማታውቅ የወታደር ሚስት እዚያ ላይ አትታይም።

ማጣራት

ስም አያታልላችሁ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቬተራኖች ማኅበር የሚል ድርጅት ነበር። ቦቢ ቶምፕሰን ነኝ የሚል ሰው ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ተቀምጦ ይመራው ነበር። ከታላላቅ ፖለቲከኞች ጋር የተነሳው ፎቶ ነበረው። በ2010 ጋዜጠኞች ሲመረምሩት ቢሮ የተባሉት አድራሻዎች የፖስታ ሳጥን ሆነው ተገኙ። ሰብስቧል የተባለው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሰውየው በ2012 ኦሬገን ውስጥ ተያዘ። እውነተኛ ስሙ ጆን ዶናልድ ኮዲ ነው፣ ሕግ የተማረ። 28 ዓመት ተፈረደበት። በ2018ም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ክፍለ ሀገሮቹ በጋራ በቬተራን ስም በሚሰበስቡ አታላዮች ላይ ከ100 በላይ እርምጃ መውሰዳቸውን አሳውቀዋል።

እውነተኛ ድርጅትም ይሳሳታል። ዉንድድ ዋሪየር ፕሮጀክት በ2003 የተቋቋመ ግዙፍ ድርጅት ነው። በ2016 መጀመሪያ ላይ ለስብሰባና ለመዝናኛ ከልክ በላይ ያወጣል ተብሎ በሲቢኤስና በኒውዮርክ ታይምስ ተዘገበ። ቦርዱ ሁለቱን ከፍተኛ ኃላፊዎች አሰናበተ። ድርጅቱ አሁንም ይሠራል፣ ብዙ ቁስለኛም ይረዳል። እኔ ጥሉት አልልም። ግን ማስታወቂያው እንባ ስላስፈሰሰ ብቻ አትስጡ።

እንዴት ይጣራል? የአይአርኤስ (የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ) ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ። ከታክስ ነጻ መሆኑ እዚያ ይወጣል። ከዚያ 990 የሚባለውን ዓመታዊ ቅጽ ክፈቱ። ቅጹ ረጅም ነው፣ እናንተ ግን ክፍል 9ን ብቻ እዩ። ወጪው በዓምድ ተከፍሏል፦ ለዋናው ሥራ፣ ለአስተዳደር፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ። በጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚመዝነው ቢቢቢ ቢያንስ 65 በመቶው ለሥራው እንዲውል ይጠይቃል። ክፍል 7 ላይ ደግሞ የኃላፊዎቹ ደሞዝ አለ። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። አንዳንዶች የሚልኩላችሁን የልመና ደብዳቤ ወጪ «ሕዝብ ማስተማር» ብለው ከዋናው ሥራ ይደምሩታል። በዓይነት የመጣ ዕቃንም በትልቅ ዋጋ ገምተው ቁጥሩን ያሳምሩታል። በአንጻሩ እንደ ታፕስ ባለ ድርጅት የሠራተኛ ደሞዝ ቢበዛ አትደንግጡ። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ራሱ ነው እርዳታው።

ስልክ ላይ በፍጹም አትስጡ። ደዋዩ ከሚሰበስበው ብዙውን የሚያስቀር ቅጥረኛ ሊሆን ይችላል። «ድረ ገጻችሁን ላኩልኝ» በሉና ዝጉ። ጊፍት ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን አንብቡልኝ ካለ ሌባ ነው፣ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

ስለ ታክሱ አንድ ለውጥ አለ። በ2020 እና በ2021 ከነበረው አነስተኛ ጊዜያዊ ቅናሽ በቀር፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ወጪን በዝርዝር ለማያስገባ ሰው የልገሳ ቅናሽ አልነበረም። ከ2026 ጀምሮ ግን ዝርዝር ባታስገቡም ለአንድ ሰው እስከ 1,000፣ ለባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብ የተሰጠ ልገሳ ይቀነሳል። ደረሰኝ አስቀምጡ። የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት በሰጣችሁት ልክ የሚጨምር ከሆነም ቅጹን ሙሉ።

ልጃችሁ ወታደር ለሆነ

ያው ዝርዝር ለእናንተም ነው። መረዳጃ ማኅበሮቹ ጋ የሚያመለክተው በአብዛኛው ወታደሩ ራሱ ነው። ቤዙ ላይ ቢሮ አላቸው። ምድር ጦር ሆኖ ባሕር ኃይል ቤዝ አጠገብ ያለ ልጅ እዚያው መሄድ ይችላል፣ አራቱ ማኅበሮች አንዱ የሌላውን ሰው ያስተናግዳል። ቢሮ በሌለበትና ከሥራ ሰዓት ውጪ ቀይ መስቀል ይቀበላል። ብድሩን መጠየቅ ለማዕረጉ ያሳፍራል ብሎ የሚሸሽ ልጅ ካላችሁ፣ ገንዘቡ ባልደረቦቹ ለእንዲህ ያለ ቀን ያዋጡት መሆኑን ንገሩት።

ለእኛ ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ ያለ አባት ወይም እናት ሲያርፍ ወይም በጠና ሲታመም፣ አዛዡ ልጁን የሚለቀው ዜናው ሲረጋገጥ ነው። ይህን የሚያደርገው የአሜሪካ ቀይ መስቀል ነው። ቤተሰብ ይደውላል፣ እነሱ ሆስፒታሉን ወይም የሚመለከተውን አካል ጠይቀው አጣርተው ለአዛዡ መልእክት ይልካሉ። ከዚያ በኋላ ለቲኬቱ መረዳጃ ማኅበሩ ጋ መሄድ ይቻላል። ሲደወል የልጁን ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቀን፣ ጦር ክፍሉንና የዩኒቱን አድራሻ ይጠይቃሉ። እነዚህን ዛሬውኑ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ላለው ዘመድ ላኩ፣ የታመመው ሰው የሚታከምበትን ሆስፒታል ስምና ስልክም ጨምሩበት።